35 ዶላር ከፍለን ሚዛን ያልነበረበት የትግል ውድድር

በዚህ ክረምት ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጄን ይዤ ሁለት የሕፃናት የትግል ውድድር ሄድኩ። ሁለቱም እዚሁ ቨርጂንያ ውስጥ፣ ሁለቱም ቅዳሜ፣ ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ፣ መመዝገቢያቸውም እኩል 35 ዶላር። አንደኛው ጋ ድጋሚ አልደርስም። ሁለተኛው ጋ በረዶም ቢጥል እሄዳለሁ። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም፤ አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ወላጆች ናቸው፣ ስማቸውን አጥፍቼ የማተርፈው ነገር የለም። ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ካሰባችሁ ግን ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ ትግል ስትሉ ወሬው ወዲያው ጫካ ይገባል። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ "ልጁ ታጋይ ሆኗል" ብላት ብዙ ዝም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከማን ጋር ሆኖ?" አለችኝ። ስለዚህ "ተጋጣሚ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ትግል ላይ ኳስ የለም፣ የሚያቀብል ጓደኛ የለም። ሁለት ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ይወጣሉ፣ በቃ። 35 ዶላር የምትከፍሉት ለሜዳሊያው አይደለም፣ ለጂሙም አይደለም። ልጃችሁን የሚመጥን ልጅ ፈልገው እንዲያገናኙላችሁ ነው የምትከፍሉት። ይህን ካልሠሩላችሁ እዚያው ሰፈር መጫወቻ ሜዳ ላይ በነፃ ይደባደብ ነበር።

የመጀመሪያው ውድድር መመዝገቢያው በኢንተርኔት ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ክብደት። ክብደቱን የሚሞላው ወላጅ ነው። በዕለቱ ሚዛን ይኖራል ብዬ ልጁን ቁርስ ሳላበላ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በር ላይ ወረቀት የምታድለውን ሴት "ሚዛኑ የት ነው?" ብላት "ዛሬ በእምነት ነው የምንሠራው" አለችኝ። በእምነት! ሰው ስለ ራሱ ክብደት እውነቱን ሲናገር እንኳ ብዙም አላየሁም፣ የልጁ ሜዳሊያ ያለበት ሲሆን ደግሞ ተዉት።

የኔ ልጅ 61 ፓውንድ ነው፣ ወደ 28 ኪሎ ግድም። ከ58 እስከ 64 ፓውንድ የሚል ምድብ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ተጋጣሚው ምንጣፉ ላይ ሲወጣ ግን 64 እንዳልሆነ ከላይ ወንበር ላይ ሆኜም ይታየኝ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ ልጁ እግር ያዘ፣ ልጄ ወደቀ፣ ያኛው ላዩ ላይ ተኛበት። የጆሮ መከላከያው ተንሸራቶ አንድ ዓይኑን ሸፈነው። በሌላኛው ዓይኑ እኔን ይፈልጋል። ሁለት ሰከንድ ትከሻው ምንጣፍ ነካ፣ ዳኛው ምንጣፉን በመዳፉ መታ፣ አለቀ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ወጥቶ አጠገቤ ሲቀመጥ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አባ፣ ያ ልጅ መኪና ይነዳል እንዴ?"

ኋላ ፒዛ ወረፋ ላይ የዚያ ልጅ አባት አጠገቤ ቆሞ ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። ሲመዘግበው የጻፈው የመስከረሙን ክብደት ነው፣ አሁን 72 ሳይሆን አይቀርም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አዘጋጁ ካልመዘነ እሱ ለምን ይመዝናል። 11 ፓውንድ ለአዋቂ ምንም ላይመስል ይችላል። 61 ፓውንድ ላይ ግን 18 በመቶ ነው። እኔ 180 ፓውንድ ነኝ፣ በዚያ ስሌት 32 ፓውንድ ከሚበልጠኝ ሰውዬ ጋር ግጠም እንደ መባል ነው። በ35 ዶላር ቀርቶ ተከፍሎኝም አልገባበትም።

ሌላውም ያው ነበር። ግጥሚያው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ጀመረ። ስድስት ምንጣፍ ዘርግተው ሦስት ዳኛ ነው ያመጡት፣ ስለዚህ ግማሹ ምንጣፍ ልጆች የሚንከባለሉበት ሆኖ ዋለ። ያሳቀኝም ያናደደኝም ግን ነጥቡ ነው። ተጋጣሚን መሬት መጣል፣ ቴክዳውን የሚሉት፣ በሁለተኛ ደረጃ ሕግ ድሮ 2 ነጥብ ነበር፣ ከ2024–25 የውድድር ዘመን ጀምሮ 3 ሆኗል። ምንጣፍ ቁጥር 1 ጠረጴዛ ላይ ያለው ወጣት 3 ይሰጣል። ምንጣፍ ቁጥር 4 ላይ ያሉት ሰውዬ፣ በእርጅና ዘመናቸው ሕጉን ማን ይንገራቸው፣ 2 ይሰጣሉ። አንድ ጂም ውስጥ ሁለት ሕግ። አሰልጣኞቹ እስኪጯጯሁ ድረስ ማንም ልብ አላለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውድድር ልምጣ።

ገና በሩን ስንገባ ሚዛኑ አለ። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ፣ ትልቅ፣ ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብ። ልጁ ወጣ፣ 61.4 አለ፣ ሴትዮዋ በወረቀት ላይም በኮምፒዩተር ላይም ጻፈችው። ቆዳውንም አዩለት፤ ጭርት ወይም ቁስል ያለበት ልጅ ካለ ሌላው ሁሉ ይዞት ይሄዳልና ይህ ቅንጦት አይደለም። ቀድሞ የተዘጋጀ የክብደት ምድብ የላቸውም። ልጆቹ ሁሉ ከተመዘኑ በኋላ በዕድሜ ይለዩና ከቀላሉ እስከ ከባዱ ይደረደራሉ፣ ከዚያ በአራት በአራት ይቆረጣሉ፣ በአንድ ምድብ ውስጥ በቀላሉና በከባዱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ። ማዲሰን ይሉታል። የኔ ልጅ ምድብ 59.8፣ 60.6፣ 61.4 እና 63 ነበር። አራቱም እርስ በርስ ይጋጠማሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የተሸነፈም ልጅ ሦስት ጊዜ ይገጥማል። ሁለት ሰዓት ነድቶ ለመጣ ወላጅ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

የምንጣፉንና የግጥሚያውን ቁጥር በማርከር ክንዱ ላይ ጻፉለት። "3" ከዚያ "317"። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ልጁ ራሱ ሰሌዳውን እያየ "አባ ሁለት ግጥሚያ ቀረኝ" እያለ ይነግረኝ ነበር፣ እኔ ስልኬ ላይ ማፍጠጥ አላስፈለገኝም። ትንንሾቹ ጠዋት ጀምረው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱ፣ ትልልቆቹ ከሰዓት ገቡ። ልጄ አንዱን አሸነፈ፣ ሁለቱን ተሸነፈ። ሁለቱም ሽንፈቶች በነጥብ ናቸው፣ የመጨረሻው 7 ለ 6። ድምፄ ሰኞ ነው የተመለሰልኝ።

ጉድለት የለውም አልልም። ሚዛን ያለበት ቦታ ሁሉ ሚዛኑን ለማታለል የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ከመመዘናቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ አንድ አባት አየሁ። ልጁ ቢበዛ አሥር ዓመት ነው። ሁለት ሹራብ ደርቦ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፣ በእጁ የለስላሳ ጠርሙስ ይዟል፣ በየመዞሪያው ይተፋበታል። ምራቅ! ግማሽ ፓውንድ እንዲቀንስ መሆኑ ነው። በጣም የሚገርመው ደግሞ ማዲሰን ላይ ይህ ምንም አይጠቅምም፤ የሚያመልጡት ምድብ የለም፣ ግማሽ ፓውንድ ቀነስክ ማለት ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ወረድክ ማለት ብቻ ነው። አዘጋጆቹ ያዩት ነበር። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ትልቋ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ በትምህርት ቤቷ ቡድን ትገጥማለች፣ እሷ ጋ ይህ አይታሰብም። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ሽንቷን በኩባያ ሰጠች፣ ሰውነቷ በቂ ውሃ እንዳለው ለማየት፤ የሽንቱ ጥግግት ንባብ ከ1.025 መብለጥ የለበትም። (አፍራ ለሁለት ቀን አላናገረችንም።) ቀጥሎ የሰውነት ስቧ ተለካ። ዝቅተኛ ክብደቷ የሚሰላው ከዚህ ነው፣ ለሴት 12 በመቶ ለወንድ 7 በመቶ ስብ ወለሉ ሆኖ። ለመቀነስ ብትፈልግ እንኳ በሳምንት ከክብደቷ 1.5 በመቶ በላይ አይፈቀድላትም፣ 120 ፓውንድ ለሆነች ልጅ 1.8 ፓውንድ መሆኑ ነው። የየስቴቱን የሁለተኛ ደረጃ ስፖርት ማኅበራት የሚያስተባብረው ኤንኤፍኤችኤስ ይህን ከ2006–07 ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ከባዶ ሜዳ የመጣ ሕግ አይደለም። በ1997 መጨረሻ ላይ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተጋጣሚዎች ክብደት ለመቀነስ ሲታገሉ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ያንን ጠርሙስ የያዘውን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን ሌላ ችግር አለ፣ እሱም ከክብደት ምድቡ የሚመጣ ነው። 14 ምድብ ያለው የወንዶች ዝርዝር ከ106 ፓውንድ ተነስቶ 113፣ 120፣ 126 እያለ እስከ 285 ይሄዳል። የሴቶቹ ከ100 እስከ 235 ነው። በቡድን ግጥሚያ አንዱ ምድብ ላይ ልጅ ከሌላችሁ ፎርፌ ነው፣ ለተቃራኒ ቡድን 6 ነጥብ፣ ልክ ጀርባ አስነክቶ እንዳሸነፈ። አምስት ቦታ የጎደለበት ቡድን ጫማውን ሳያስር 30 ለ 0 እየተመራ ነው። የልጄ ቡድን እንደዚህ ሆኖ ሲሸነፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አሁን ስቴቶች 12፣ 13 ወይም 14 ምድብ ካለው ዝርዝር መምረጥ ይችላሉ፣ ለትንንሽ ትምህርት ቤቶች 12ቱ የሚሻል ይመስለኛል። ምድብ ሲቀነስ ልጁ ቦታ የሚያጣበት ሰው ይቆጣኝ ይሆናል፣ ይቆጣ።

ስለ ሽልማቱ። የመጀመሪያው ውድድር ሜዳሊያው ትልቅ ነው፣ ከባድ፣ መሀሉ የሚሽከረከር። አራተኛ ከአራት የወጣውም ያንኑ ይወስዳል፣ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ "ያንተን አንሳ" ነው የሚባለው። ሁለተኛው ሜዳሊያው ቀጭን ነው፣ ቆርቆሮ ብትሉት አልጣላችሁም። ግን ልጆቹን መድረክ ላይ አውጥተው በስም ይጠራሉ። የልጄን ስም ሳይሰብሩ ጠሩት! ሴትዮዋ አስቀድማ መጥታ "እንዴት ነው የሚጠራው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። የምድቡንም ሰንጠረዥ አትመው ለሦስተኛው ልጅ ሳይቀር ሰጡ። ያ የሚሽከረከረው ሜዳሊያ አሁን የት እንዳለ አላውቅም፣ ምናልባት ሶፋው ሥር። ወረቀቱ ግን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፣ 7 ለ 6 የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦበታል።

ትልቋ ጋ ደግሞ ዕውቅና ሌላ መልክ አለው። ትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ የድሮ አሸናፊዎች ስም ያለበት ሰሌዳ አለ፣ ሁሉም ወንዶች። ለሴቶቹ ይሠራል ከተባለ ሁለት ዓመት ሆነው። ሃዋይ የሴቶችን የሁለተኛ ደረጃ ትግል በ1998 በይፋ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት፣ በኮሌጅ ደረጃም የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ በ2025 መጀመሪያ የሴቶች ትግል የራሱ ሻምፒዮና እንዲኖረው ወስኗል፣ እኛ ጋ ግን አንድ የእንጨት ሰሌዳ እንቢ ብሏል። ለሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች የሚሰጡት፣ በኦሎምፒክ አሸናፊው ተጋጣሚ በዴቭ ሹልዝ ስም የተሰየመው ሽልማትና ለሴቶች በአራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኗ በትሪሻ ሳንደርስ ስም የሚሰጠው ምንጣፍ ላይ ያለውን ውጤት ብቻ ሳይሆን የትምህርት ውጤትንና የማኅበረሰብ አገልግሎትንም ያያሉ፤ ይህን ሰምታ ሒሳቧን ማንሳት ጀምራለች፣ እኔ ስለምን እከራከራለሁ።

ምግቡ ሁለቱም ጋ ያው ነው፤ የቀዘቀዘ ፒዛና ውሃ የመሰለ ቡና። ከቤት ያዙ። ወንበሩ ጀርባ የለውም፣ ትራስ ያዙ።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለመጀመሪያው ከአምስት አንድ፣ እሱም ለሚሽከረከረው ሜዳሊያ። ለሁለተኛው አራት። አምስተኛውን የያዝኩት ኮሪደሩ ላይ ስላየሁት ጠርሙስ ነው። ልትመዘግቡ ስትሉ ለአዘጋጁ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በዕለቱ ትመዝናላችሁ ወይ፣ አንድ ልጅ ቢያንስ ስንት ጊዜ ይገጥማል፣ ለስንት ምንጣፍ ስንት ዳኛ አላችሁ። የመጀመሪያውን ሲሰሙ ከተንተባተቡ ስልኩን ዝጉት።

የሁለተኛው አዘጋጅ የሚቀጥለው ውድድር መመዝገቢያ ትናንት ማታ ተከፈተ። ልጁን ከመኝታ ቤት ጠርቼ ሚዛን ላይ አቆምኩት፣ ካልሲውን አስወልቄ። 64.2። "63 ብለህ ጻፍ፣ እስከዚያ እቀንሳለሁ" አለኝ። 64.2 ጻፍኩና እራቱን እንዲጨርስ ላኩት።