ሜትር ይዞ ለመጣው ልጅ

ይህን የምጽፈው ማዕድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ነው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ቆማ። «ቆማ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። መስከረም ላይ ከአልጋዋ ተነስታ ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ ትደግፍ ነበር። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ቤታችን ደግሞ ግቢ ያለው ቪላ አይደለም፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው።

የማመሰግነው አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ለምኖኛል። ስለዚህ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እናቴም የምትጠራው እንደዚያው ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሠሩላት ሐኪም እጃቸው ይባረክ። እሳቸውን አመስግነናል፣ ወደፊትም እናመሰግናለን። የልጁን ዓይነት ሥራ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ራሴ ፊዚዮቴራፒ ማለት እግር ማሸት ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቷ ነው። ማለቴ፣ እኛ ከጉልበቷ መስሎን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ወይ ጉልበቴ» እያለች ኖረች። ወጌሻ አሸት፣ ቅባት ቀባን፣ የሕመም ማስታገሻ ዋጠች። ጉልበቷ ራጅ ተነሳ፤ ያን ያህል የከፋ ነገር የለውም። አንድ ቦታ «ዕድሜ ነው» ብለው ሸኙን። በመጨረሻ አንድ የአጥንት ሐኪም በጀርባዋ አስተኝተው፣ ጉልበቷን አጥፈው እግሯን ቀስ ብለው ሲያዞሩት ጮኸች። የያዘችው ግን ጉልበቷን ሳይሆን ብሽሽቷን ነው። ለካ የታመመው ዳሌዋ ኖሯል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲበላ ሕመሙ ብሽሽትና ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል አሉን። ዳሌዋ ራጅ ሲነሳ በሁለቱ አጥንቶች መሃል መኖር የነበረበት ክፍተት ጠፍቷል። መቀየር አለበት ተባለ። 68 ዓመቷ ነው። «እኔ መኪና ነኝ እንዴ፣ ዕቃ የሚቀየርልኝ?» አለች።

ልጁን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ አባቷን አስነስቶላታል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንዲመጣ ቀድሜ ላስይዘው ብዬ ደወልኩ።

«ቀኑ መቼ ነው?» አለኝ።

«ኅዳር 18።»

«እንግዲያው የፊታችን ቅዳሜ ልምጣ።»

ገና አምስት ሳምንት ቀርቶናል። ገንዘብ ሊበላ ነው ብዬ አሰብኩ። ምን እደብቃለሁ፣ አሰብኩ።

መጣ። ቡናው ሳይቀርብ፣ እሱም ሳይቀመጥ ከቦርሳው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣ። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከወለሉ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ለካ፤ 41 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ወደ ሶፋው ሄደ። እኔን አስቀመጠኝና ስሰምጥ ለካ፤ 34። አልጋዋን ለካ። ሽንት ቤቱን ለካ። የበሩን ስፋት ሳይቀር ለካ፣ ዎከር (ተደግፋ የምትሄድበትን ብረት) ያስገባል ወይ ብሎ። በመጨረሻ እናቴ ቡና የምታፈላበትን በርጩማ ብድግ አድርጎ አገላብጦ አየውና «ይሄ ለሦስት ወር ከዚህ ቤት ይውጣ» አለ። እናቴ ክው አለች። ያ በርጩማ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል።

ለምን እንደሆነ ያስረዳበትን መንገድ አልረሳውም። ሙቀጫና ዘነዘና አስመጣ።

«እማማ፣ ዳሌዎ ሙቀጫው ነው እንበል። የጭንዎ አጥንት ዘነዘናው። ሐኪሙ የዘነዘናውን ጫፍ ቆርጠው በሌላ ይተኩታል፤ ሙቀጫውን ጠርገው አዲስ ገበር ያስገቡለታል።»

ከዚያ ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ አቁሞ ወደ ጎን ቀስ እያለ አዘነበለው። የሙቀጫው አፍ ላይ ሲደርስ ዘነዘናው ተፈናጥሮ ወጣ። እናቴ አማተበች።

«በርጩማ ላይ ሲቀመጡ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ዙሪያው ያለው ጡንቻና ጅማት እስኪጠና ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ አይበል። እግርዎን አያጣምሩ። ያንን እግር ወደ ውስጥ አያዙሩት። የወደቀ ዕቃ ጎንበስ ብለው አያንሱ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገንም። ጎንበስ ልትል ስትል ከቤቱ አንዱ «ዘነዘና!» ይላል፤ ቀጥ ትላለች። የስድስት ዓመቷ ልጄ ናት በጣም የምትጮኸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክልከላው ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሐኪሙ በየት በኩል እንደሚከፍቱት ይወሰናል። የእናቴ ከኋላ በኩል ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ከመናገሩ በፊት ለሐኪሟ ደውሎ ጠይቆ ነበር። እናንተም የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ እንጂ ከእኔ ጽሁፍ ላይ ቀድታችሁ እንዳትሠሩበት።

አምስቱ ሳምንታት በዝግጅት አለቁ። አናጺ ጠርተን አልጋው እግር ሥር እንጨት አስገባንበት። ምንጣፉ ተጠቀለለ። ነጠላ ጫማ ታገደ፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ ተገዛ። የቀሚሶቿ ጫፍ ታጥፎ ተሰፋ፣ ዎከሩ ላይ እንዳይጠላለፍ። ዎከሩን ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ገዛን። ከፍ ያለውን የሽንት ቤት መቀመጫ ወንድሜ ከቨርጂኒያ በሰው ላከው። ያንን በሻንጣው ይዞ ቦሌ ላይ «ምንድነው?» ሲባል ላስረዳው ጓደኛው በዚሁ አጋጣሚ ምስጋናዬ ይድረሰው።

እሷ ደግሞ ስፖርት ጀመረች። ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ወደ ታች። ጭንን አጥብቆ መያዝና መልቀቅ። መቀመጫን መጭመቅ። ባለ ክንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እጅ ተጭኖ ብድግ ማለት፤ ይህቺኛዋ ለዎከሩ ጉልበት ናት። በዎከር መሄድንም ቀድማ ተማረች። «ሕመም ላይ ሆኖ አዲስ ነገር መማር ከባድ ነው» ይላል ልጁ። ኮሪደር ላይ ስትለማመድ ያዩዋት ጎረቤቶች ኦፕራሲዮን ሆና የተመለሰች መስሏቸው ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ መጡ። ብርቱካኑን በላን። ከኅዳር 22 በኋላም ደግመው ይዘው መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው።

የጥርሷንም ነገር ያነሳው እሱ ነው። የበሰበሰ መንጋጋ አለና «ለሐኪሙ ነግራችኋል?» አለ። አልነገርንም፣ ጥርስና ዳሌ ምን አገናኛቸው ብለን። ሌላ ቦታ ያለ ኢንፌክሽን በደም ተጉዞ አዲሱ መገጣጠሚያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሐኪሙ ሲሰሙ ቀድሞ ይነቀል አሉ፣ ተነቀለ።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልልም። በማግስቱ አቆሟት፣ በአራተኛው ቀን ወጣች። ስንወጣ የሰጡን መመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያ ልጅ ቀድሞ ባይመጣ ኖሮ ያንን ወረቀት ይዤ ታክሲ ውስጥ የማለቅስ ይመስለኛል።

ታክሲው ራሱ ታሪክ ነው። የፊተኛው ወንበር ወደ ኋላ ተስቦ፣ ትራስ ተደርጎበት፣ ከላይ ፌስታል ተነጥፎበት ነበር። ፌስታሉ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ነበር። ለካ መጀመሪያ በመቀመጫዋ ትቀመጥና ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ስታስገባ ያንሸራትታታል። ዳሌዋ ሳይጠማዘዝ ዞረች። ሾፌሩ «ይሄን ለእናቴ እነግራለሁ» አለ።

ቀጥሎ ደረጃው። ሁለተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። ልጁ ከታች ቆሞ ጠበቀን። ለእናቴ የደረጃውን ሕግ ያስተማራት በሰርግ ነው። አዲሷ እግር «ሙሽራዋ» ናት፣ ጤነኛዋ «ሚዜዋ»። ሲወጣ ሚዜዋ ትቀድማለች፣ ሙሽራዋ ትከተላለች። ሲወርድ ሙሽራዋ ትቀድማለች። እናቴ አንድ እጇን የብረቱ መደገፊያ ላይ፣ አንዱን ክራንች ላይ አድርጋ፣ በየደረጃው ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሚዜ፣ ሙሽራ፣ ሚዜ፣ ሙሽራ» እያለች ወጣች። አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው በር ከፍቶ እልል አለ። አሁንም ማን እንደሆነ አላወቅንም።

በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ እናቴ አፈረች። «ወንድ ልጅ ጭኔን ሊይዘኝ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጁ ምንም አላለም። ጋቢዋን ደረበላትና እኔን ጠራኝ። የእኔን እጅ የት እንደማስቀምጥ አሳየኝ፣ እሱ ከራቅ ብሎ እየተናገረ እኔ ያዝኳት። እንዲህ ሁለት ቀን ሄድን። በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ «አንተው ያዘኝ፣ የእሷ እጅ ይቀዘቅዛል» አለችው። ለእኔ ከሙያው በላይ ይህቺ ናት።

አሁን ደግሞ የኅዳር 30ን ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ስትነሳ ባቷ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማታል። አክስቴ ቅቤ አሙቃ ልታሽ እጇን ሰብስባ ተዘጋጅታለች። ለልጁ ደወልኩ። «ማንም እንዳይነካት። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል» አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ የምወጋት ለዚሁ ነበር። እንደዚያ ያበጠ እግር ደግሞ አይታሽም። አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ደግነቱ የረጋ ደም የለም ተባለ። ስንመለስ እናቴ «ለባዶ ገንዘብ አስወጣኸን» ብላ ወረደችበት። እሱም «ነገም ቢያብጥ እልክዎታለሁ» አላት። ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ደረቷን ቢወጋት፣ ትኩሳት ቢኖራት ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ቢያወጣ ለእሱ ሳይሆን ቀጥታ ለሆስፒታል እንድደውል የፍሪጅ በር ላይ ጽፎ ለጠፈልኝ። አሁንም አለ፣ አላነሳሁትም።

ጾሙም ነበር፣ ጾመ ነቢያት። እናቴ ሽሮ ብቻ እየበላች ቁስል ይድናል ብላለች። ልጁ አልተከራከራትም። «የንስሐ አባትዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። አባ መጡና «በሽተኛ አይጾምም» አሏት። ከዚያ እንቁላል ገባ።

ለገና ልክ 41ኛ ቀኗ ነበር። እህቴ ቤቱን ለማሳመር ቄጠማ ጎዘጎዘች። ልጁ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ብቅ አለና በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ። ጫማውን አውልቆ፣ መጥረጊያ ተቀብሎ፣ ከእናቴ መኝታ እስከ ሳሎን ያለውን ቄጠማ ራሱ ጠረገው። እርጥብ ቄጠማ ላይ ዎከር ምን እንደሚሆን አስቡት። ግራና ቀኝ ያለውን ተወልን፣ በዓል ነው ብሎ።

ለአስተርእዮ ማርያም በከዘራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከዘራ በታመመው እግር በኩል የሚያዝ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ በጤነኛው በኩል ነው። ቁመቱም ስትቆም የእጇ አንጓ ላይ የሚደርስ። ስግደቱን ለጊዜው በራስ ዝቅ ማድረግ ብቻ ፈጽማዋለች፣ ሐኪሙ ቀን እስኪቆርጡላት።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ያረፍዳል። 9 ሰዓት ካለ 9 ተኩል በሉት። መንገዱን ያሳብባል፤ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ሁሉን ይሸከማል። እሁድ ጠዋት ስልክ አያነሳም። እናቴን ደግሞ አንዳንዴ ከአቅሟ በላይ ያስኬዳታል ብዬ ተጣልቼዋለሁ፤ በኋላ እሱ ልክ ነበር።

ጎንደር ነው የተማረው። ክፍያው ለኪሳችን ቀላል አልነበረም፣ ግን ሲጀመር የተነጋገርነው ዋጋ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀም። በሳምንት ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ ያወረደው እሱ ነው። በአሥረኛው ሳምንት እናቴን ደረጃ አስወጥቶ አስወረዳትና «ከዚህ በኋላ ለእኔ የምትከፍሉት ትርፍ ነው» አለን። እኔ እንዲቀጥል ለምኜው ነበር። እምቢ አለ።

ወላጅ፣ ዘመድ ለዳሌ ቅየራ ቀጠሮ የያዘላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ፤ ፈቅዶልኛል። ከአዲስ አበባ ውጪ አይሄድም። ያለንበት ሩቅ ነው ያላችሁ፣ በአካባቢያችሁ ያለውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፈልጉ፤ ግን ቀኑ ሳይደርስ ጥሩት፣ ሰውየው ቤታችሁን ይየው።

በርጩማው ሦስት ወር ሙሉ ጎረቤት ቤት ነበር። እናቴ በየሳምንቱ ሄዳ ታየዋለች፣ እንዳይሰነጠቅ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ወር ሲሞላ ራሷ ስልክ አንስታ ደወለችለት።

«በርጩማዬስ?» አለችው።

«ሐኪሙ ምን አሉ?»

«ቀስ እያልሽ ነው ያሉት።»

ትንሽ ዝም አለና «ሜትር ይዤ ልምጣ» አላት።