ሴኮ ፋይቭ ወይስ ኦሪየንት? ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። «ባትሪ የማይፈልግ ሰዓት ልገዛ ነው፤ ሴኮ ፋይቭ ይሻላል ኦሪየንት?» መልሴ ኦሪየንት ነው። ባለ ሦስት ኮከቡ።

እዚህ የደረስኩት ገንዘብ ከስሬ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት መርካቶ ውስጥ ሴኮ ፋይቭ በ4,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ ከ6,000 ነው የጀመረው። ወርዶ ስገዛው ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ወር ቀኑ መዝለል ጀመረ። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ አሳየኝ፤ ማሽኑ 7009 የሚባለው የድሮው ነው። ፊቱ እንደገና የተቀባ ነው። እንዲህ ያለው ዕድሳት በብዛት የሚመጣው ከህንድ ነው። ለጥገና 1,200 ብር ከፈልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ጭራሽ ቆመ። 5,700 ብር ሄደ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ለታናሽ ወንድሜ ከዱባይ አዲስ ኦሪየንት በ380 ድርሃም አስመጣሁለት። እዚያው ሱቅ አዲሱ ሴኮ ፋይቭ 460 ነበር። ማስተካከያውን በእጅ በማዞርም የሚሞላው፣ በፈረንጅ ከ2019 ወዲህ የወጣው ሴኮ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የወንድሜ ሰዓት እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ ዘይት ተቀብቷል። በቀን አሥር ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ለዚህ ዋጋ በጣም ጥሩ ነው።

ሴኮ መጥፎ ሰዓት አይደለም። አስመሳዮች የሚሮጡት ስሙ ወደ ገነነው ስለሆነ ነው ገበያው የተበላሸው። ቀለሙ የታደሰ ኦሪየንትም አይጠፋም፤ እኔን የገጠመኝ ግን ሴኮው ይበዛል። የግድ ሴኮ ካላችሁ ጀርባውን እዩ። እዚያ ካለው ኮድ የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች የማሽኑ ስም ናቸው፤ ለምሳሌ 7ኤስ26። ፊቱ ላይም ከታች ጠርዙ ጋ በጣም በደቃቁ የተጻፈ አለ። የሁለቱ የመጀመሪያ አራት ምልክቶች ካልተመሳሰሉ ጥላችሁ ውጡ። የእኔው ሰዓት ፊት ላይ ደቃቁ ጽሑፍ ራሱ አልነበረም።

ሴኮ የሚበልጥበት አንድ ነገር መለዋወጫ ነው። የማያውቀው ሰዓት ሠሪ የለም፤ ሙሉ ማሽኑ እንኳ ተገዝቶ ይቀየራል። ለኦሪየንት ግን ከሌላ አሮጌ ሰዓት ዕቃ መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ አለመስበሩ ይሻላል።

አብዛኛው ሰው የሚሰብረው ደግሞ ቀን ሲቀይር ነው። ቀን የሚያዞሩት ጥርሶች፣ የሰዓት ቆጣሪው ከ9 ተነስቶ በ12 አልፎ 4 እስኪደርስ ድረስ ተያይዘው ይቆያሉ። በዚያ መሃል ቀኑን በማስተካከያው መቀየር ጥርሱን ይጎዳል። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሞላ ሰው ይህ ሌሊት ስለሆነ ተኝቷል። በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑ ከንጋቱ 12 ላይ እንዲቀየር ለምንሞላ ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ልክ ለባብሰን ስንወጣ፣ ቀኑ መሳሳቱን አይተን የምናስተካክልበት ሰዓት!

ኦሪየንቱ የሳምንቱን ቀን የሚቀይር ቁልፍ 2 ቁጥር አጠገብ አለው። ለመጫን ቀላል ስለሆነ እጅ ይበላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትንኩት።