ለትራኪዮስቶሚ የቱ ይሻላል? ጎዝ ወይስ ፎም?

አባቴ አንገታቸው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ (ትራኪዮስቶሚ) ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠን፣ ከቱቦው ሥር ቆዳው ላይ የሚደረገው ጎዝ በ3 ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ገዢዎቹ እኛው ሆንን። መደርደሪያው ላይ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ቱቦው እንዲገባበት የተሰነጠቀ ነው። ልዩነቱ የገባኝ ቤት ወስጄ ሳረጥባቸው ነው።

መጀመሪያ ጎዝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ክሩ የሚታይ፣ የተሸመነ ነው። ሌላው ያልተሸመነ፣ እንደ ለስላሳ ወረቀት የታመቀ ነው። የተሸመነውን ጠርዙን በእርጥብ ጣት ፈተግ አድርጉት፤ ክር ይዞ ይመጣል። ያቺ ክር በቱቦው አፍ ወይም አንገት ላይ ባለው ቀዳዳ ዳር ወደ ሳንባ ልትሳብ ትችላለች። ስለዚህ ምርጫው ያልተሸመነው፣ ፋብሪካ ውስጥ የተሰነጠቀው ነው። ተራ ጎዝ በመቀስ ሰንጥቆ ማድረግማ ጭራሽ አይሞከርም። እኔ ሞክሬው ነርሷ ስታየኝ መቀሱን ከእጄ ነው የወሰደችው። ጥጥም እንደዚያው ነው፣ ይበተናል።

ፎሙ ስፖንጅ መሳዩ ነው። ጎዝ እርጥበቱን ይይዝና እዚያው ቆዳ ላይ ያቆየዋል። እርጥብ ካልሲ አድርጎ እንደ መዋል ማለት ነው፤ ቆዳው ይረሰርሳል፣ ከዚያ ይላጣል። ፎም ግን ፈሳሹን ወደ ውስጡ ይስበዋል። ስለዚህ አክታው ብዙ ከሆነ ወይም ቆዳው መቅላት ከጀመረ ፎም ይሻላል። አክታው ትንሽ ከሆነና ቆዳው ደህና ከሆነ ግን ጎዝ ይበቃል፤ በረከሰ ቁጥር ለመቀየርም አያሳሳም።

ፎም ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ያዘናጋል። ቢያንስ በቀን 1 ጊዜ ከሥሩ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ውፍረቱ። በጣም ወፍራም ከሆነ የቱቦውን ክንፍ (አንገት ላይ የሚያርፈውን ጠፍጣፋ ክፍል) ከአንገት ያነሳውና ቱቦውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጎዝም ቢሆን ደራርቦ መጠቅጠቅ ያው ነው። ፎም ፊትና ጀርባ ስላለው ማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል እዩ።

አንድ ጎኑ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ዓይነትም አለ። ቁስሉ ላይ አይጣበቅም፤ የሚያብረቀርቀው ወደ ቆዳ ነው የሚዞረው። ጀርም የሚገድል መድኃኒት የተነከረውን ግን ሐኪም ካላዘዘ አትግዙ።

ቱቦውን አንገት ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ላይ የእኔ ድምፅ ለቬልክሮ (ተጫኖ ለሚጣበቀው ማሰሪያ) ነው። ለስላሳ ነው፣ ለማላላትም ለማጥበቅም ቀላል ነው። የጨርቅ ጥብጣቡ ቋጠሮው አንገት ይቆረቁራል። ነገር ግን ለሕፃን ወይም እጁ ለማያርፍ ታማሚ ቬልክሮ በቀላሉ ይላቀቃል፤ እዚያ ጥብጣቡ ያሸንፋል። የቱንም ብትገዙ ልኩ በማሰሪያውና በአንገት መካከል 1 ጣት ማስገባት ነው። ሲቀየር ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ቱቦውን ይዞ አይለቅም።

የገዛችሁት ምንም ይሁን፣ እጅ ካልታጠበ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ አክታው በሳክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) ይወጣል፣ አለዚያ አዲሱ ጎዝ በመጀመሪያው ሳል ይበላሻል። ሆድ እንደ ሞላ አይደረግም፤ ሳሉ ያስመልሳል። ከቀዳዳው ወደ ውጭ፣ በሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) በረጠበ ጎዝ ይጠረጋል፤ ለአንድ ጠረጋ አንድ ጎዝ። ከዚያ በደንብ ይደርቃል። መጥፎ ሽታ፣ አረንጓዴ ፈሳሽ፣ እብጠት ወይም ደም ካያችሁ ጎዝ መቀያየሩን ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ስትገዙ አንድ አንድ እየሆነ የታሸገውን ምረጡ። በጅምላ የታሸገው አንዴ ከተከፈተ የቀረው ሁሉ ተነካክቷል። ማሸጊያው የተቀደደ ወይም እርጥበት የነካው ከሆነ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ።