የጀልባ የዊንተር ሽፋን፦ «አየር የሚያስገባ ውሃም ያስገባል» ላላችሁኝ

ምንጣፉ ደረቅ ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሽፋኑን እንደገለጥኩ መጀመሪያ የነካሁት እሱን ነበር። ከኋላ ወንበር ስር፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ ድረስ እጄን አስገብቼ በመዳፌ ተጫንኩት። ምንም የለም። የወንበሩን ትራስ አንስቼ አሸተትኩት። ያ ታፍኖ የከረመ ቤት ሽታ የለም። እዚህ ሚኒሶታ ጀልባ ያለው ሰው ደስታዬ ይገባዋል።

ጀልባዬ 16 ጫማ የአሉሚኒየም የዓሣ ማጥመጃ ናት። ከኖቬምበር ጀምሮ ሐይቆቹ በረዶ ሲሆኑ ትሬለሯ ላይ እንደተጫነች ጓሮ ትከርማለች። ጋራዥ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ ሽፋን ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

ድሮ የምጠቀመው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ነበር። ርካሽ ነው። ውሃ አያስገባም። ግን አያስወጣምም፤ ጣጣው ያ ነው። ሰው እርጥበት ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ከታችም ይመጣል፤ ከመሬቱ፣ ከምንጣፉ፣ ከወለሉ ስር ከቀረው የሐይቅ ውሃ። ቀን ፀሐይ ስትመታው ያ ሁሉ ይተናል። ማታ ሸራው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ በውስጥ በኩል ጤዛ ሆኖ ይይዛል። ዝናብ ባልጣለበት ጠዋት ጠርዙን ገለጥ ሳደርግ ጠብታዎቹ ተደርድረው ተንጠልጥለው አይቻለሁ። ሸራውን ነካ ሳደርገው ሁሉም ወንበሩ ላይ ዘነበ። በጸደይ የወንበሩ ስፌት ዳር ዳሩን ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ሻጋታ ስፌት ውስጥ አንዴ ከገባ ቢፈትጉት ቢያሹት ጨርሶ አይለቅም።

አሁን የገዛሁት 600 ዲኒየር የፖሊስተር ጨርቅ ነው። በሁለቱም ጎን፣ ከላይ በኩል፣ የአየር መተንፈሻ ተሰፍቶበታል። መተንፈሻው አፉ ወደ ታች የዞረ ቆብ አለው።

የሱቁ ሻጭ ይህን እንድወስድ አልፈለገም። «ወፍራሙን ውሰድ፤ ጭራሽ ምንም የማያስገባውን» አለኝ። አሁንም ባገኘው እንዲህ ብለው ደስ ይለኛል፦ ወንድሜ፣ ዲኒየር የክር ክብደት ነው። 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግረኛል። ጨርቁ ቶሎ ይቀደዳል አይቀደድም ለሚለው ይጠቅመኛል። ውስጥ ስለታፈነው እንፋሎት ግን አንዲት ቃል አይነግረኝም። አንተ ከላይ የሚወርደውን እያሰብክ ነው፤ የእኔን ወንበር ያበላሸው ከታች የሚወጣው ነው። «በረዶ በመተንፈሻው ይገባል» ያልከኝም አልደረሰም። ነፋስ በበረታባቸው ቀናት ከመተንፈሻው ስር ትንሽ ብናኝ አገኝ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ሳየው የለም። በገባበት ወጥቷል።

ጓደኛዬ በየዓመቱ ሽሪንክ ራፕ ነው የሚያስጠቀልለው። በሙቀት ተኮማትሮ እንደ ከበሮ የሚወጠረውን ነጭ ላስቲክ ማለቴ ነው። በረዶ ስለማይቆምበት ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ክፍያው በጀልባው ርዝመት፣ በየጫማው ይቆጠራል፣ ጸደይ ሲመጣ ተቀዶ ይጣላል፣ በዓመቱ እንደገና ክፈል። ደግሞ ልብ በሉ፦ ሥራውን የሚያውቁት ባለሙያዎች እሱንም ቢሆን ቀደው መተንፈሻ ይገጥሙለታል። ለምን ይመስላችኋል?

አንድ ነገር ግን አምራቹን አጥብቄ እወቅሰዋለሁ። ከሽፋኑ ጋር የሚሰጠው መደገፊያ ምሰሶ አንድ ብቻ ነው። አንድ ምሰሶ መሃሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፊትና ከኋላ ግን ጨርቁ ይረግባል። ማርች ላይ ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ ሲረጋ የረገበው ቦታ ገንዳ ይሆናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 50 ኪሎ ነው። ይህን የትኛው ስፌት ይችለዋል? እኔ ከአፍንጫዋ እስከ ሞተሩ ድረስ ረጅም ጣውላ ዘርግቼ፣ ጠርዙን በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልዬ፣ ሽፋኑን እንደ ጣሪያ ወደ ሁለቱም ጎን እንዲያዘቀዝቅ አደረግሁት። በረዶው በራሱ ይንሸራተታል። ሁለተኛ ምሰሶ ጨምሮ ለመስጠት ስንት ያስወጣ ነበር?

ጃንዋሪ ላይ አንድ የፕላስቲክ ዘለበት በብርዱ ተሰነጠቀ። በገመድ ተካሁት። እሱን አላማርርበትም።

«ለጀልባ ልብስ 200 ዶላር?» የሚሉኝ የአገር ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ ብር ለአገር ቤት ስንት ነገር እንደሚያደርግ እኔም አውቃለሁ። ግን የአንድ ጀልባ ወንበርና ምንጣፍ መቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይጠይቁ። ልጆቼ ቅዳሜ ጠዋት የሚቀመጡት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ሻጋታ ላይ አላስቀምጣቸውም።

ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ የማጥመጃው ጊዜ የሚከፈተው ሜይ አጋማሽ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ እነዚህን ሳምንታት የምጨርሰው ወንበር በመፈተግ ነበር። ዘንድሮ ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ ወደ ሞተሩ አልፌያለሁ። ይኸኛው ሽፋን ሲያረጅም የምገዛው ይህንኑ ዓይነት ነው፤ ማንም አያስለውጠኝም።

ለመግዛት ያሰባችሁ በጋው ሳያልቅ ለኩ። ርዝመቱን ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ኋላ ግድግዳዋ በመሃል በኩል፣ ስፋቱን ከሁሉ ሰፊ በሆነው ቦታ። ሞተሩን ለብቻ ለክታችሁ ሽፋኑ እሱን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ እስከ ጀልባዋ ግድግዳ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ መተንፈሻውን አሳዩኝ በሉ። ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።