አዳማ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ልትከራዩ ካሰባችሁ ይህን ልጅ ሳታገኙ እንዳትዋዋሉ

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ፍራንኮ አካባቢ መኪና የሚያከራይ ወጣት አለ። ስሜ አይጠቀስ ብሎ ስለለመነኝ አልጠቅሰውም። ያደረገልንን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

እናቴ ለካንሰር ሕክምና አዲስ አበባ ትመላለሳለች። መድኃኒቱን ወስዳ ስትወጣ ትንሽ የቤንዚን ሽታ ከሸተታት ያስመልሳታል። ሚኒባስ የማይታሰብ ነው። የዘመድ መኪናም ይዘን የፍጥነት መንገዱ ዳር ስንት ጊዜ ቆመናል። ስለዚህ ሽታ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና በወር እንከራይ ተባባልን። ወንድሜ ይነዳል። ሕመምተኛ ይዞ ቻርጀር ፍለጋ መንከራተት ስለማይሆን ደግሞ ረጅም የሚሄድ ፈለግን።

መጀመሪያ የገጠመን ለማንም አይግጠም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አከራይ ነኝ ባይ በዝቷል። አንዱ በደላላ መጥቶ «አዲስ ናት፣ እንደፈለጋችሁ ሂዱባት» አለን። ሊብሬ ስንጠይቀው «ባንክ ነው፣ ነገ» ይላል። ነገ የለም። ይዘናት ስንወጣ ዱከም ሳንደርስ ቻርጁ ዓይናችን እያየ ወረደ። ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ ኋላ ወንበር ላይ ላብ አጥምቋት ተኝታለች። ያን ቀን መቼም አልረሳውም። መኪናዋን ስንመልስ ደግሞ ስንቀበላት የነበረ ጭረት አሳይቶ መያዣችንን ቆረጠብን። ሌላ ቢሮ ሄድን። የስድስት ወር በቅድሚያ ክፈሉ፣ የውሉን ኮፒ ግን አንሰጥም አሉን። የታመመች እናት አለችን ስንል አንዷ ሠራተኛ «ታዲያ አምቡላንስ አትከራዩም?» አለችን። አልቅሼ ነው የወጣሁት።

ይህ የፍራንኮው ልጅ ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ማንን ነው የምታመላልሱት?» ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። ቁልፉን ወዲያው አላስረከበንም። ቤታችን ድረስ መጥቶ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ዞር ብለን እንምጣ» አላትና ኋላ አስቀመጣት። ወንድሜን ጎኑ አድርጎ ራሱ ወደ ሞጆ ነዳ። ለካ የኤሌክትሪክ መኪና ከመርገጫው ላይ እግር ሲነሳ ራሱን ይይዛል። እየሄደ ባትሪው ጥቂት መልሶ የሚሞላው በዚያ ነው። ኋላ የተቀመጠውን ሰው ግን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የታመመ ሆድ ደግሞ ይህን አይችልም። እሱ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ነካክቶ ዝቅ አደረገው። ምን እንደነካ አልገባኝም። «አሁንስ እማማ?» ይላታል። ጥቂት ነድቶ ደግሞ «አሁንስ?» ይላታል። ከዚያ ወንድሜን አስነዳው፤ እግሩን ቀስ አድርጎ እንዲያነሳ እስኪለምድ ድረስ ታግሶ አሳየው። እናቴ «ሆዴ ተረጋጋ ልጄ» ስትለው ነው ውሉን ያወጣው። ልጅ ሆኜ እኔ ያላሰብኩላትን ነው ያሰበላት።

መኪናዋ ቢዋይዲ ናት፣ «ሲል» የሚሏት ቆንጆ አውቶሞቢል። ወረቀቷ 570 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። እሱ ግን «በወረቀቱ አትተማመኑ» አለን። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል መውጣቱ ቻርጅ ይበላል፣ መውረዱ የተወሰነውን ይመልሳል፤ በፍጥነት ከነዳችሁ ደግሞ ቶሎ ያልቃል አለን። እንዲህ እውነቱን የሚነግር አከራይ አይቼ አላውቅም! ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማታ ቤት ሞልተን እንወጣለን፣ መንገድ ላይ ቻርጀር ፈልገን አናውቅም። የቤታችንን የመብራት መስመር እንኳ በባለሙያ ሳያሳይ ቻርጀሩን አልሰጠንም። በኤክስቴንሽን እንዳትሰኩ ብሎ አስጠንቅቆናል።

ውሉ በወር በወር ነው። ታርጋው ኮድ 3፣ ኢንሹራንሱ ሙሉ። ባትሪው በራሱ ችግር ቢበላሽ ኃላፊነቱ የአከራዩ ነው ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ጭረቶቹን አብሮን ዞሮ ፎቶ አንስቶ ልኮልናል። ዋጋው ርካሽ ነው አልልም። ግን የከፈልነው አይቆጨንም።

እናቴ አልጋ ይዛ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን መኪናዋ ግቢ ቆማ ነበር። ራሱ ደውሎ «መልሷት፣ የቆመችበትን አልቆጥርባችሁም» አለን። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ በጸሎቷ ስሙን ሳትጠራ አትተኛም። አንተ ደግ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ እግዜር ይስጥልን። ያንተንም እናት ዕድሜዋን ያርዝምልህ።

የአዳማ ልጆች፣ በተለይ ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ የምታመላልሱ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ከመንገላታታችሁ በፊት እሱን አነጋግሩት። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን አነጋግሩት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጣችሁ ፈቅዶልኛል። ያሉት መኪኖች ብዙ ስላልሆኑ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት።