አይፎን ወይስ አንድሮይድ? ስልክ ለሚቀይሩ ዓይነ ስውራን

ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡት ፕሮግራሞች፣ ቮይስኦቨር ወደ አይፎን፣ ቶክባክም ወደ አንድሮይድ የገቡት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «የትኛው ያነባል?» የሚለው ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል። ስልክ የቀየረ ሰው የሚማረረው ጣቱ በለመደው ነገር ነው።

በአንድ ጣት ወደ ቀኝ ማንሸራተት ቀጣዩን ያነባል፤ ሁለቴ መታ ማድረግ ይከፍታል። በዚህ ልዩነት የላቸውም። ጣጣው የሚጀምረው ገጽ ሲገፉ ነው፤ በአይፎን በሦስት ጣት፣ በአንድሮይድ በሁለት። አንድሮይድ የለመደ ሰው አይፎን ላይ ሁለት ጣቱን ወደ ላይ ሲያንሸራትት ገጹ ንቅንቅ አይልም፤ ቮይስኦቨር ከአናቱ ጀምሮ ያነበንበዋል እንጂ። በሁለት ጣት አንዴ መታ ሲያደርጉት ዝም ይላል። የአይፎን ሰው ደግሞ ቶክባክ ላይ በሦስት ጣት ወደ ላይ ሲያንሸራትት ሳያውቀው የንባብ መቆጣጠሪያውን (ጣት ሲንሸራተት በምን በምን እንደሚዘል የሚወስነውን ምርጫ) ይቀይራል። ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ታች ባንሸራተተ ቁጥር ከፊደል ወደ ፊደል ወይም ከአርእስት ወደ አርእስት ይዘልበታል፤ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው የሚፈልጉት ምርጫ እስኪነገር ድረስ በሦስት ጣት ደጋግሞ ማንሸራተት ነው። በአይፎን ይህን ሥራ የሚሠራው ሮተር ነው፤ ሁለት ጣት ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ቁልፍ እንደሚዞር ማዞር። የሦስት ጣት ትእዛዝ ወደ ቶክባክ የመጣው በ2021 ስለሆነ ያገለገለ አሮጌ አንድሮይድ ሲገዙ ይጠንቀቁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ኪቦርድ ነው። በጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ጣትዎን ፊደሉ ላይ አሳርፈው ሲያነሱ ፊደሉ ይጻፋል። አይፎን ግን በነባሪው ሁለቴ መታ ማድረግ ይጠይቃል። ሮተሩን «የአጻጻፍ ስልት» ወደሚለው አዙረው ጣት ሲነሳ ወደሚጽፈው ንክኪ አጻጻፍ ይቀይሩት።

አማርኛ በብዛት ለሚያነብ ሰው ድምፁ ከሁሉም ይቀድማል። አንድሮይድ የንባብ ሞተር (ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚለውጠውን ፕሮግራም) እንደልብ ያስቀይራል፤ ከእነዚህ አንዱ ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ ግን የሮቦት ነው፣ ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። አይፎን ሌሎች ለሠሯቸው የንባብ ድምፆች በሩን የከፈተው በአይኦኤስ (የአይፎን ሥርዓተ ክወና) 16፣ በ2022 ነው። ሳይገዙ አንድ የአማርኛ መልእክት ያስነብቡት፤ ቃላቱን ዘሎ ቁጥሩን ብቻ ካነበበ ድምፁ አማርኛ አያውቅም ማለት ነው።

ጥገናውም ይለያያል። የቶክባክ ማሻሻያ በፕሌይ ስቶር ለብቻው ይመጣል፤ የቮይስኦቨር ስህተት ግን የአይኦኤስ ማሻሻያ እስኪወጣ ይጠብቃል። በሌላ በኩል አይፎን ከሞዴል ሞዴል ያን ያህል አይለያይም፤ አንድሮይድ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል፣ አቅመ ደካማው ስልክ ላይም ድምፁ ከጣት ኋላ ይጎተታል። ይህ መዘግየት ቀኑን ሙሉ ያደክማል፤ እኛ ብንሆን ከካሜራው ይልቅ በዚህ እንመዝነው ነበር።

ሱቅ ውስጥ አይፎኑን የጎን ቁልፉን ሦስቴ በመጫን (መነሻ ቁልፍ ያለው ከሆነ እሱን)፣ አንድሮይዱን ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለ3 ሰከንድ ይዞ በመቆየት ያናግሩት። በተዋቀረ ስልክ ላይ አቋራጩ ካልበራ ከተደራሽነት ቅንብሮች ያብሩት። ከዚያ በፍጥነት አሥር ጊዜ ወደ ቀኝ ያንሸራትቱና ድምፁ ከጣትዎ እኩል መድረሱን ያዳምጡ።

አሮጌውን ስልክ ግን ወዲያው አይደምስሱት፤ የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው ወደ እሱ ሊሆን ይችላል።