ለጡት መያዣ ስፌት መኪና ስትገዙ፦ የእናት ሲንጀር፣ አዲሱ የፕላስቲክ ወይስ ያገለገለ የብረት ዚግዛግ?

የራሴን ጡት መያዣ በቤቴ መስፋት ከጀመርሁ ወዲህ በደብረ ብርሃን የሚያውቁኝ ሴቶች፣ ከጎረቤቶቼ አንሥቶ ሸዋ ሮቢት እስካለችው ታላቅ እህቴ ድረስ፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የትኛውን የስፌት መኪና እንግዛ? ለእያንዳንዳቸው በስልክ ስመልስ አንዱን አስታውሼ ሌላውን ስለምዘነጋ፣ የከፈልሁትን ዋጋና ያየሁትን ብልሽት አንድ ላይ ማስፈር የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምርጫዬን ከመነሻው ልናገር፤ ያገለገለ የብረት ዚግዛግ መኪና ገዝቶ ከእግር መርገጫ ጠረጴዛ ጋር ማገጣጠም ከሁሉም ይሻላል። ይህን የምለው አዲስ የፕላስቲክ መኪና በ9,500 ብር ገዝቼ፣ ለጥገና ተጨማሪ 2,700 ብር አውጥቼ፣ በመጨረሻም ጨርቅ አልብሼ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥሁት በኋላ ነው።

ጡት መያዣን ከቀሚስና ከሸሚዝ የሚለየው ክብደት ተሸካሚ መሆኑ ነው። ሸክሙን በብዛት የሚይዘው የትከሻው ማንጠልጠያ ሳይሆን ከጡት ሥር ደረትን የሚዞረው መቀነት ሲሆን፣ ይህ መቀነት ትንፋሽ በተሳበና እጅ በተነሣ ቁጥር ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ቀጥታ ስፌት ክሩን እንደ መስመር ዘርግቶ ስለሚያስቀምጠው ላስቲኩ ሲለጠጥ አብሮት የሚለጠጥበት ትርፍ የለውም፤ ዚግዛግ ግን ክሩን ግራና ቀኝ እያመላለሰ ስለሚያስኬደው ላስቲኩ ሲሳብ ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይዘጋል። የመጀመሪያ ጡት መያዣዬን የሰፋሁት በእናቴ ቀጥታ መኪና ነበር። በማግስቱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ሳነሣ በብብቴ ሥር ያለው ስፌት ጧ ጧ እያለ ሲበጠስ ተሰማኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ላስቲኩም ጨርቁም ደኅና ናቸው፤ ክሩ ብቻ በየሁለት ጣቱ ተቆራርጧል።

ይህ ማለት ግን ብዙዎቻችን በጅምላ ሲንጀር የምንለው፣ በላዩ በተርፍላይ የሚል ቢጻፍበትም ሲንጀር ብለን የምንጠራው፣ ባለ እግር መርገጫ ቀጥታ መኪና አይረባም ማለት አይደለም። ጡቱ የሚቀመጥባቸውን ቁራጮች እርስ በርስ ለማያያዝ ቀጥታ ስፌት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ስፌቶች እንዲለጠጡ አይፈለግምና። እንዲህ ዓይነት መኪና ከእናታችሁ የወረሳችሁ ከሆነ አትሽጡት፣ ሌላም ለመግዛት አትቸኩሉ። ቁራጮቹን በእርሱ ከሰፋችሁ በኋላ ላስቲኩን በእጅ መርፌ፣ ክሩን እያመሳቀላችሁ፣ ልትይዙት ትችላላችሁ። እኔ ስድስት ጡት መያዣ በዚህ መንገድ ሰፍቻለሁ፤ የአንዱ ላስቲክ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብኝ ነበር፤ ስፌቱ ግን የአንዱም አልተበጠሰም። የምቃወመው በቤቷ መኪና የሌላት ሴት ለዚህ ሥራ ብላ አዲስ ቀጥታ መኪና መግዛቷን ነው። ጎረቤቴ ከነጠረጴዛው 14,500 ብር ከፍላ ገዛች፤ መጋረጃና የትራስ ልብስ በደስታ ትሰፋበታለች፤ ለላስቲክ ግን ጨርቋን ይዛ እኔ ቤት ትመጣለች።

አዲሱ የፕላስቲክ መኪና ሲያዩት ልብ ይማርካል። ቀላል ነው፣ ፊቱ ላይ የብዙ ዓይነት ስፌት ሥዕል አለው፣ ዚግዛጉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል። እኔ በ2015 ዓ.ም. የገዛሁት የታወቀ ስም ተለጥፎበት ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ከስሙ በቀር የታወቀው ኩባንያ የሠራው ነገር አልነበረውም። ካርቶኑ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከመኪናው ሥር ከተለጠፈው ጋር አይመሳሰልም፤ የአጠቃቀም ወረቀቱ የሚያሳየው የሌላ መኪና ሥዕል ነው፤ ሻጩ የሰጠኝ የአንድ ዓመት ዋስትናም ማኅተም አልነበረውም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ባያቸው ኖሮ ገንዘቤን አልሰጥም ነበር።

በአራተኛው ወር በእግር የሚረገጠው የኤሌክትሪክ ማዘዣ ተቃጠለ፤ ለመተካት 1,200 ብር ከፈልሁ። በስምንተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ መርፌው መውረድ መውጣቱን ሳያቆም ግራና ቀኝ መሄዱን ተወ። መኪና ጠጋኙ አባት የሥሩን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተው ገለበጡትና ከኮት ቁልፍ ብዙም የማይበልጥ ነጭ ጥርስ፣ ማለትም ዙሪያው ጥርሳም የሆነ ትንሽ ማሽከርከሪያ፣ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት። «ልጄ፣ ይህ ፕላስቲክ ነው፤ መለዋወጫውን ከየት አመጣልሻለሁ?» አሉኝ። በመጨረሻ ቶርኖ ቤት ወስደው አስቀረጹልኝ፤ 1,500 ብር ሆነ፤ የቆየውም ሦስት ወር ብቻ ነው። እርሳቸው እንዳስረዱኝ የእኛ ከተማ ብርድ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ጠላት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ስለምንኖር፣ በውርጭ ጠዋት በመኪናው ውስጥ ያለው ቅባት እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ሞተሩ ያንን ለማላቀቅ ሲታገል ኃይሉ የሚያርፈው በፕላስቲኩ ጥርስ ላይ ነው። ይህን መኪና አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ሳታገቡ፣ መሽከርከሪያውን መጀመሪያ በእጃችሁ፣ ከዚያም በሞተሩ ቀስ አድርጋችሁ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ አስኪዱት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ እንደሚቆምም አትርሱ፤ እኔ የመቀነቱን ላስቲክ ግማሽ ሰፍቼ ለሁለት ቀን የጠበቅሁበት ጊዜ አለ።

የዋጋው ነገር ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ስለተወደደ፣ ያንኑ ዓይነት መኪና ለእህቴ ብዬ ስጠይቅ 21,000 ብር ተባልሁ። በዚህ ዋጋ ያንን ጥርስ ግዙ ብዬ የማንንም ሴት ገንዘብ አላስወጣም።

የብረቱን ዚግዛግ ያገኘሁት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ሻጩ በ11,000 ብር ጀመረ። የዚግዛጉን ማዞሪያ ልሞክረው ብል አልነቃነቅ አለኝ፤ ሻጩም ዚግዛጉ እንደማይሠራ፣ ለቀጥታ ስፌት ግን አንደኛ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ ጠጋኙ አባት ለዓመታት ሳይሠራበት የቆየ የብረት መኪና ዚግዛጉ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ስለሚጣበቅ እንጂ ስለተሰበረ እንዳልሆነ አስቀድመው ነግረውኛል። በ7,000 ብር ተስማማን። ደብረ ብርሃን እንደደረስሁ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በነጭ ጋዝ አርሼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት፤ በየሁለት ሰዓቱ ማዞሪያውን ሳላስገድድ እነካካዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጥ አለና ተንቀሳቀሰ። በጨርቅ የጠረግሁት አሮጌ ዘይት በቀለሙም፣ ጥፍሬ ላይ በመጣበቁም የጠቆረ ማር ይመስል ነበር። ነጭ ጋዙ ከጠራ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው የሚገባው፤ የምግብ ዘይት ያስገባችበት ወዳጄ መኪናዋ በወራት ውስጥ ዳግመኛ ተጣብቆባታል።

ጠረጴዛውንና የእግር መርገጫውን ደብረ ሲና ሥራ ካቆሙ ልብስ ሰፊ በ3,500 ብር ገዛሁ። የቆዳው ቺንጋ 350 ብር፣ የጠጋኙ ማስተካከያ 800 ብር፣ ሁለቱን ለማስጫንና ለማስወረድ 400 ብር ሆነ፤ በጠቅላላው 12,050 ብር ማለት ነው። የፕላስቲኩ ከነጥገናው 12,200 ብር ፈጅቶብኛል፤ የብረቱ በ150 ብር አንሶ ዛሬም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ያወጣሁበት ገንዘብ የመርፌና የዘይት ብቻ ነው። ቺንጋው ሲላላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ በሽቦው መልሼ አያይዘዋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በመስኮቱ ብርሃን እየረገጥሁ እሰፋለሁ። ፍጥነቱ በእግሬ ስለሆነ ላስቲክ እየሳብሁ ስሰፋ መርፌው አይቀድመኝም፤ ይህ ለጀማሪ ከማንኛውም የስፌት ዓይነት ብዛት ይበልጥባታል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ብቻዬን ላንቀሳቅሰው አልችልም፣ ቦታም ይይዛል። ያለበት ዚግዛግ ተራው ብቻ ነው፤ እኔ ግን በ3 ሚሊ ሜትር ስፋትና በ1.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ላስቲኩን ለመያዝ፣ አንዴ ካጠፍሁት በኋላ፣ ስሄድበት ሌላ ስፌት አስፈልጎኝ አያውቅም።

የብረት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። መልኩ የብረት ሆኖ ውስጡ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ያገለገለ መኪና ስላለ፣ ሻጩ የላዩንና የሥሩን ክዳን ሳይከፍት ዋጋ አትነጋገሩ። ሞተሩ ከውጭ የተንጠለጠለ መሆን አለበት፤ በውስጡ የተቀበረ ከሆነ በእግር መርገጫ አይሄድም። የመሽከርከሪያው ጎማ ቺንጋ የሚያርፍበት ጎድጓዳ መስመር እንዳለው በጣታችሁ ዳስሱት። የመቀመጫው ልክ 37 በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ በተለመደው ጠረጴዛ ላይ ይገባል፤ ከዚያ የተለየ ከሆነ አናጺ ትከፍላላችሁ። መርፌውንም አውጥታችሁ እዩት፤ አናቱ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው የተለመደው የቤት መኪና መርፌ ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ ሲንጀር 206 የሚባለው ጥሩ የብረት ዚግዛግ ቢሆንም 206 በ13 የተባለ የራሱ መርፌ ስለሚፈልግ፣ ለእኛ አገር ገዢ መርፌ ፍለጋ መንከራተት ይሆንበታል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው መኪና ካላችሁ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 110 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጨው ኦቨርሎክ መኪና ለጡት መያዣ አያስፈልግም፤ በእጅ የምትያዘው ትንሿ ባለ ባትሪ መኪና ደግሞ በማንኛውም ዋጋ አትገዛም።

ለላስቲኩም የማደርገው ጥንቃቄ ከመኪናው አያንስም፤ ጥሩ ስፌት በመጥፎ ላስቲክ ላይ ምንም አያደርግምና። በሜትር 20 ብርም 40 ብርም የሚሸጥ አለ፤ በዓይን አንድ ናቸው። ከሱቁ ሳልወጣ 10 ሴንቲ ሜትር ለክቼ በሁለት እጄ አሥር ጊዜ እስከ መጨረሻው እስበዋለሁ፤ ከዚያ ስለካው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እገዛለሁ፣ 11 ከሆነ እተወዋለሁ። ርካሹን ለእህቴ ሰፍቼላት ሸዋ ሮቢት ሙቀትና ላብ ላይ፣ በየቀኑም እየታጠበ፣ ከሁለት ወር በላይ አልቆየላትም። መንጠቆውን፣ የማንጠልጠያውን ቀለበትና ሽቦውን ከአሮጌ ጡት መያዣ መፍታት ይቻላል፤ ሽቦው ካልተጣመመና ጫፉ ካልተላጠ በቀር ከአዲሱ አያንስም።

የመጨረሻዋን የሰፋኋት ላሰላው። የጨርቁ 30 ሴንቲ ሜትር በሜትር 400 ብር ሒሳብ 120 ብር፣ ለጠርዙ አንድ ሜትር ከ30 ላስቲክ 52 ብር፣ ለማንጠልጠያው 90 ሴንቲ ሜትር ጠንከር ያለ ላስቲክ 45 ብር፣ መንጠቆ 30 ብር፣ ክር 10 ብር፤ 257 ብር። ከሱቅ በ350 ብር የገዛኋት በሦስት ወር ውስጥ ሽቦዋ ወጥቶ ወግቶኛል፤ በልኬ የሚሆነውን ደህና ሲያሳዩኝ ዋጋው 900 ብር ነበር። በ257 ብር የሰፋኋትን ስምንተኛ ወሬን ለብሻታለሁ፤ በ900ው ሒሳብ ደግሞ መኪናው 19ኛው ጡት መያዣ ላይ ወጪውን ይመልሳል። እስካሁን ለራሴ፣ ለእህቶቼና ለእናቴ 23 ሰፍቻለሁ።

መኪና ልትመርጡ ስትሄዱ አንድ ክንድ ላስቲክ፣ የቲሸርት ጨርቅ ቁራጭ፣ የፖሊስተር ክርና ለሚለጠጥ ጨርቅ የሚሆን 75 ቁጥር መርፌ በቦርሳችሁ ያዙ። የሻጩን ወፍራም መርፌና የጥጥ ክር አትቀበሉ፤ በእርሱ የተሰፋ ናሙና የመኪናውን ጠባይ አያሳይም። ዚግዛጉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ላስቲኩን በጨርቁ ላይ አሰፉና እስኪበቃው ሳቡት፤ ክሩ ከተበጠሰ ወይም መርፌው እየዘለለ ከሄደ ወደሚቀጥለው መኪና እለፉ። የተጣበቀ ከሆነ ግን ጥርሶቹ የብረት መሆናቸውን አይታችሁ፣ ከተጠየቃችሁት ዋጋ ሲሶውን አስቀንሱና ነጭ ጋዙን አዘጋጁ።